ሙሔ ለየቤቱ የቀዳው ካሴት

ባለፈው ሰሞን ለጆሮዬ ነገር ደሴ ወጥቼ ነበር። ሐኪሙ ለምሳ ወጥቷል ሲሉኝ እዚያ አግዳሚ ላይ ከምደነዝዝ ብዬ ፒያሳን ዞር ዞር ስል፣ ከአንዲት ጠባብ ሱቅ ድቤ ሰማሁ። ድቤ ብቻ። የዛሬው መንዙማ ኪቦርድ ይገባበታል፣ ሰውየውንም ጉድጓድ ውስጥ ሆኖ የሚጮህ ያስመስሉታል፤ እኔ አልወደውም። ይሄ ግን ቆዳና እጅ ነው። ግራና ቀኙ የስልክ ሽፋን ይሸጣል፣ ባጃጁ ይጮኻል፣ ሰዉ ይገፋኛል፤ እኔ ቆሜ ቀረሁ። እጁን አወቅሁት። ሁለቴ ይመታና ሦስተኛውን ያስቀራል፤ ሦስተኛውን የሚሰማው ሰው በልቡ ይመታዋል። የደጋኑ ሙሔ ነው። ሙሔ ከሞተ ደግሞ ዘመኑን አላውቀውም።

ሱቁን የያዘችው ልጅ ሂጃብ ያደረገች፣ ከሃያ ብዙም ያላለፈች ናት። ሥራዋ ሰው ስልክ ላይ መንዙማ መጫን ነው።

"አባባ፣ ምን ልጫንልዎ?" አለችኝ።

"የኔ ስልክ ይሄን አይበላም። ይሄን ከየት አገኘሽው?"

"ከሰው ቤት። አሮጌ ካሴት እየዞርኩ እለቅማለሁ። ካሴት ቤት ያላወጣቸውን፣ በየገጠሩ ራሳቸው የቀዱትን። ዓረብ አገር ያሉት ናቸው የሚገዙኝ፣ ኪቦርድ ያለውን አይፈልጉም።" ጆሮዬ እንደማይረዳኝ ገብቷት ድምፅዋን አወፈረች። "ይሄን ሰውዬ ግን ማን እንደሆነ የሚነግረኝ አጣሁ። ካሴቱ ላይ ስም የለም። ሰባት አግኝቻለሁ፣ ሰባቱም አንድ መንዙማ ነው፣ ግን ሰባቱም ይለያያል።"

"ሙሔ ይባላል። ሰባት ብቻ አይደለም፣ ሰባም መቶም ይሆናል" አልኳት። "ሁሉም ይለያያል።"

ወንበር ሰጠችኝ። ተቀመጥኩና ነገርኳት። ለሷ በአጭሩ ነው የነገርኳት፤ እዚህ ላይ ግን ረዘም አደርገዋለሁ።

ያኔ መንዙማ ገዥዎቹ እኛ የኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኞች ነበርን። ፒያሳ ካሴት ቤቶች ነበሩ፤ ሳጥን የሚያህል ድምፅ ማጉያ ደጃፍ ላይ አውጥተው የአዲስ አበባን ዘፈን ይለቁታል። መንዙማ ስትጠይቃቸው ካለም አንድ ሁለት ነው፣ እሱም ስሙ የገነነ ሰው። ቀን እርፍ ጨብጦ ውሎ ማታ ለሐድራው ዱዓ ድቤ የሚያነሳው የኛ አገር ሰው ካሴት ቤት አይገባም። እሱን የፈለገ አገሩ ድረስ ሄዶ ነው። ማን ጥሩ እንደሚል ወሬው በፈረቃ መቀያየሪያ ላይ ይመጣል፤ የቃሉ ወረዳ ሰው የቃሉውን ያወራል፣ የገራዶ ሰው የገራዶውን። ሙሔን ያመጣልን አንድ የደጋን ሰው ነበር፣ ጥጥ የሚያራግፍ።

ሙሔ ድቤ እየሠራ የሚሸጥ ሰው ነው። ሳዑዲ የነበረ ወንድሙ ያመጣለት አንድ ቴፕ ነበረው፤ እጀታው ተሰብሮ በሽቦ የታሰረ። ካሴት ከካሴት የሚገለብጥ ባለ ሁለት አፍ ቴፕ ደሴ እንጂ ደጋን የት ይገኛል። ስለዚህ ሙሔ ገዥ በመጣ ቁጥር እንደ አዲስ ነው የሚለው። ባዶ ካሴት ይዘህ ትሄዳለህ፣ ስልሳ ደቂቃውን፤ ኮምቦልቻ አራት ብር ከሃምሳ ነበር። አራት የባትሪ ድንጋይ ትይዛለህ። ለሱ አምስት ብር ትሰጣለህ፤ አምስት ብር ያኔ ኮንጎ ጫማ ይገዛል። ከሁሉ በላይ ግን ተቀባይ ይዘህ ትሄዳለህ። ሙሔ የራሱ ተቀባይ የለውም። እሱ ያወጣል፣ አንተና ቤተሰብህ ትቀበላላችሁ። አዝማቹን ሁለት ሦስት ጊዜ ያስጠናህና ቀዩን ቁልፍ ይጫናል፣ በቃ። ብትስል ሳልህ ይገባል፣ ፍየል ብትጮህ ፍየሏ ትገባለች። አያቆምም፣ አይደግምም። መጨረሻ ላይ የገዥውን ስም እየጠራ ዱዓ ያደርግና ካሴቱን አውጥቶ ይሰጥሃል። እንግዲህ የገዛኸው ካሴት ውስጥ አንተው ራስህ አለህ።

እኔ የሄድኩት ዘሐራን ባገባሁ በዓመቱ ነው። እሑድ ነበር። እሷ ቢጫ ናይለን ቀሚስና ጥቁር ሻሽ፣ እኔ ነጭ ቴትሮን ሸሚዝ፣ አንገቱ ላይ ትንሽ የማሽን ዘይት የነካው። ዘይት አጠጪ ነበርኩ፤ ሸሚዝ ቢቀየርም ዘይቱ ይከተላል። በጭነት መኪና ሄድን፣ ሾፌሩ እሷን ጋቢና አስገባት፣ እኔ ከላይ። ሙሔ ቤት ስንደርስ አዝማቹን ባንዴ ያዘችው፤ እኔ አራት ጊዜ ተደገመልኝ። ቀዩ ቁልፍ ሲጫን ግን አንድ ነገር ሆነ። እሷ ሙሔ ትንፋሽ ሲወስድ ትገባለች፣ እኔ ድቤው ሲወድቅ እገባለሁ። ስለዚህ ሁልጊዜ ትቀድመኛለች። ስልሳ ደቂቃ ሙሉ ቀደመችኝ። በክርኔ ነካ አደረግኋት፣ አልገባትም። ሙሔ ዓይኑን ጨፍኖ ፈገግ እንዳለ ነው። ዱዓው ላይ የኔንና የሷን ስም ጠርቶ እንዲህ አለ፤

የእብሬን ደጃፍ፣ የዘሐራን ማጀት፣
አታጉድልብን ከበረካህ ሀብት።

አሚን ያለችውም እሷ ቀድማ ነው።

ፋብሪካው በር ፊት ለፊት አንድ ዋርካ ነበር። በእረፍት ሰዓት እዚያ ሥር ቁጭ ብለን ካሴት እንሰማለን። ሁሉም የሙሔን ካሴት ይዞ ይመጣል፤ ካሴት ደግሞ አንለውም፣ ቤት ነው የምንለው። "ዛሬ የማንን ቤት እንስማ?" ይባላል። አንድ ቀን "የእብሬን ቤት" ተባለና ካሴቴ ቴፑ ውስጥ ገባ። ገና ሁለተኛው አዝማች ላይ ሳቅ ተጀመረ።

"እብሬ፣ ሚስትህ ፈረቃ ቀድማ ትገባለች እንዴ?" አለ አንዱ።

"እሷ ገብታ ማሽኑን ታስነሳለች፣ እሱ መጥቶ ይፈርማል" አለ ሌላው።

"እቤትም እንዲሁ ነው?"

ሰው ይስቃል እንጂ ክፋት የለውም ነበር። እኔ ግን ያኔም እንደዛሬው ደረቅ ነኝ። ካሴቱን ከቴፑ ነጥቄ አወጣሁት። ይማም የሚባል ክር ክፍል የሚሠራ የገራዶ ሰው ከጎኔ ተቀምጦ ነበር፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው።

"ካልፈለግኸው ለኔ ስጠኝ" አለኝ። "የኔን ውሰድ። እኔ ብቻዬን ነው የተቀበልኩት፣ ሚስቴ ከድጃ አራስ ነበረች።"

"ላንተ ምን ያደርግልሃል?"

"ይጥመኛላ። ወላሂ፣ እንዲህ ያለውን ሰው አይሰጥም።"

"ውሰደው።"

"እስክትፈልገው አማና ነው፣ አደራ። ስትፈልገው የኔን ትመልስልኛለህ" አለ።

ተለዋወጥን። የይማም ቤት ሥርዓት ያለው ነው፤ ድቤው ወድቆ፣ ትንሽ ቆይቶ፣ በአፍንጫው በኩል ሳብ አድርጎ ይቀበላል። ማንም አይስቅበትም። ማታ እቤት ስከፍተው ዘሐራ ምስር ትለቅም ነበር።

"ይሄ የማን ቤት ነው?" አለች።

"የይማም።"

"የኛስ?"

"ይማም ጋ ነው።"

ሳቀች መጀመሪያ። "ሰው ሚስቱን ለጎረቤት አውሶ መንዙማ ይሰማል?" አለች። ለምን እንደሰጠሁ ጠየቀችኝ፣ እውነቱን ነገርኳት፤ ትቀድሚኛለሽ፣ ሳቁብኝ አልኳት። "እሺ" አለችና ምስሯን መልቀም ቀጠለች። ከዚያ ወዲያ መውሊድ ላይም ሆነ ሠርግ ላይ ሴቱ ሁሉ ሲቀበል እሷ ሻሿን አፏ ላይ አድርጋ ትቀመጣለች። አንድ ጊዜ ምነው ብላት "እንዳልቀድምህ ነው" አለች። ነገሩ ይሄው ነው። አንጣላም፣ ትሠራለች፣ ትስቃለች፣ ልጅ ወለደችልኝ፤ አትቀበልም።

ይማም ከፋብሪካው ሰው ሲቀነስ ወደ ገራዶ ተመለሰ። ካሴቱን እሱም አልጠየቀ፣ እኔም አልጠየቅሁ። እኔ ዘንድ ያለውን ዘወትር እሰማው ነበር፣ አሥራ ስምንት ዓመት ያህል። ከዚያ ልጃችን ጅዳ ሄደች። ያን ጊዜ ወረቀት የሚጽፍ የለም፤ በካሴት ተናግሮ ለተጓዥ መስጠት ነበር ደብዳቤው። አንዲት የጎረቤት ልጅ በማግስቱ ትሄዳለች ተባለ፣ ሱቁ ሁሉ ባዶ ካሴት የለውም። ካሴቱ ላይ ሌላ ነገር እንዳይቀዳበት የሚፈልግ ሰው ከጀርባው ያለችውን ትንሽ ጥርስ ይሰብራታል። ይማም የሱን ሰብሯታል። እኔ ደግሞ ወረቀት ጠቅልዬ ቀዳዳዋን ደፈንኩና በላዩ ቀዳሁበት። ሁላችንም እንዲህ ነበር የምናደርግ፣ ኃጢአት አይመስለንም። "ደህና ነን፣ ላሟ ወልዳለች፣ በርቺ" አልኩ። ቴፑን ወደ ዘሐራ አስጠጋሁላት።

"እኔ አልናገርም" አለች። "ድምፄን ደግሞ በማን ልትለውጠው ነው?"

የምትለውን በጆሮዬ ትነግረኛለች፣ እኔ እናገራለሁ። "እናትሽ ፀጉርሽን እንዳትቆረጪ ትላለች።" እንዲህ እያልን ለብዙ ዓመት ላክን። ልጅቱ በዚያው ካሴት ላይ መልስ ቀድታ ትልካለች፣ እኛ ደግሞ በሷ ላይ። ይማም ከሥር ከሥር ጠፋ።

ዘሐራ ከሞተች ሦስት ክረምት አልፏል። ሰው እንባህን ምን በላው ይለኝ ነበር። እነሳለሁ፣ እሰግዳለሁ፣ ደጅ እቀመጣለሁ። ልጄ ስትደውል "አባ፣ የእማ ድምፅ ያለበት አንድ ነገር የለም?" አለችኝ። "የለም" አልኳት። እቤቴ ውስጥ የለም፣ አልዋሸሁም። ጆሮዬ ከዘሐራ ቀድሞ ነው የሄደው፣ የማሽኑ ነገር ነው። መጨረሻዋ ላይ ስትጠራኝ መጥታ ትከሻዬን ትነካኝ ነበር።

የሱቋ ልጅ ይሄን ሁሉ ሰምታ ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አደረገችልኝ። ድቤው ገባ። የሙሔ ድምፅ ገባ። የአንድ ሽማግሌ ወፍራም ድምፅ ይቀበላል።

"ሴቶቹ ሲያምሩ" አለች።

"ሴቶች አሉበት?"

"አሉ እንጂ አባባ። ሦስት አራት ይሆናሉ።"

አንዷንም አልሰማሁ። ከሰዓት በኋላ ሐኪሙም ያንኑ ነው ያለኝ፤ ቀጭኑ ድምፅ ሄዷል፣ ወፍራሙ ቀርቷል፣ ቀጭኑ አይመለስም።

ከሱቁ ከመነሳቴ በፊት ልጅቱ "አንድ ስምንተኛ ካሴት አለ፣ ግን ከለከሉኝ" አለች። "ገራዶ ናቸው፣ ከድጃ ይባላሉ። ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ። 'የኔ አይደለም፣ አማና ነው፣ ባለቤቱ ይመጣል' ይሉኛል። ለሰባተኛው የሰጠሁትን ዋጋ እጥፍ ልስጥዎ ብዬ ነበር። ውጪልኝ አሉኝ።"

ኮምቦልቻ ወረድኩና አራት ቀን ደጄ ተቀመጥኩ። ካሴቱ አለ። የዘሐራ ድምፅ ያለበት ነገር በዚህ ምድር ላይ እሱ ብቻ ነው። ይዤ የምሄደው ግን የለኝም። የሰውን አማና አጥፍቶ የራሱን አማና ሊጠይቅ የሚሄድ ሰው ምን ብሎ ነው በር የሚያንኳኳው። ይማም መሞቱንም ሰምቻለሁ፤ ለቅሶውም አልሄድኩም፣ ያን ጊዜ መንገዱ ደህና አልነበረም። በአምስተኛው ቀን ተነሳሁ። ኩርማን ጨርቅ ውስጥ ስኳርና ቴምር ቋጠርኩ፣ ባዶ እጅ ላለመሆን ያህል።

ከድጃ በሯ ላይ ተቀምጣ በቆሎ ትፈለፍላለች። እኔን ለማየት እጇን ግንባሯ ላይ አደረገች።

"አሰላሙ ዓለይኩም፣ እታለም።"

"ወዓለይኩሙሰላም። ማን ልበል?"

"እብሬ ነኝ፣ ከኮምቦልቻ። ከይማም ጋር የሠራሁ።"

"ሚስቱን የለወጠው እብሬ?"

"እሱ ነኝ።"

"ይግቡ" አለች። ድምፅዋ ወፍራም ነው፣ ደግነቱ ይሰማኛል። ስኳሩን ተቀብላ አንድ ጥግ አስቀመጠችው። ዘሐራ ደህና ናት ወይ አለች፣ ሞታለች አልኳት። ኢናሊላሂ አለች። ሁለታችንም የሞተብንን ጠራን፣ ዱዓ አደረግን፤ ከደሴዋ ካሴት ለቃሚ ልጅ ሰምቼ መምጣቴንም ነገርኳት። ከዚያ እጄን አየችው።

"የይማምን አመጡልኝ?"

"አላመጣሁም። አጥፍቼዋለሁ።"

"ጠፋብዎ?"

"አልጠፋብኝም። በላዩ ደብዳቤ ቀዳሁበት። ልጄ ጅዳ ነበረች፣ ባዶ ካሴት አጥቼ ነው።"

"እያወቁ?"

"እያወቅሁ።"

የያዘችውን በቆሎ መፈልፈል ጀመረች። አንዱን ጨርሳ ሌላ አነሳች።

"አልጋ ላይ ሳለ 'ቤቴን ከእብሬ አስመልሱልኝ፣ የሱንም ስጡት' ይል ነበር" አለች። "ልጆቹ ነገ ነገ አሉ። እኔ የሱን ካሴት አንድ ሳምንት ብቻ ነው የሰማሁት፣ ቀድቶ በመጣ ገና በሳምንቱ ነው ለርስዎ የሰጠው። አራስ ነበርኩ። ደህና አድርጌም በልቤ አልያዝኩት።"

ተነሳችና ወደ ጓዳ ገባች። አበቃ ብዬ እኔም በትሬን ይዤ ተነሳሁ። እሷ ግን አንድ አሮጌ ቴፕና በሻሽ የተቋጠረ ነገር ይዛ ወጣች።

"የት ነው? ቁጭ ይበሉ። እኔ የሰው አማና አልበላም።"

አስገባችው። ድቤው መጣ። ሙሔ መጣ። ቀጥሎ አንድ ጎረምሳ ይቀበላል፤ ቆይቶ ነው እኔ መሆኔ የገባኝ፣ የሌላ ሰው ልጅ ነበር የመሰለኝ። ሌላ ማንም የለም። ጎረምሳው ብቻውን ነው።

"ድምፅዋ አይሰማኝም" አልኳት።

"የማን?"

"የዘሐራ። ቀጭን ድምፅ አይገባልኝም፣ ጆሮዬ ሞቷል።"

ከድጃ አየችኝ። ወደኔ ዞራ ተቀመጠችና አንዲት ጣቷን አነሳች። ጣቷ ከተነሳች በኋላ የጎረምሳው ድምፅ መጣ። ጣቷን አወረደች። ሙሔ አወጣ፣ ሊተነፍስ አቆመ፣ ጣቷ ተነሳች፣ ዘሐራ ገባች፣ ከዚያ እኔ። እንዲህ እያደረገች አንደኛውን ፊት ጨረስን፣ ገልብጣ ሁለተኛውንም። እጇ ሲደክም በሌላው እጇ ትደግፈዋለች። ጣቷን ነው ያየሁት። የበቆሎ ገለባ ጥፍሯ ሥር ነበር። ዱዓው ላይ የኔና የዘሐራ ስም ሲጠራ ሁለቱንም እጇን አነሳች፣ እኔም አነሳሁ።

ቴፑ ቀጭ ብሎ ቆመ።

"አሁን የኔን ይስጡኝ" አለች።

"የለም አልኩሽ፣ እታለም።"

"ካሴቱን አልጠየቅሁም። ስንት ዓመት ሰሙት?"

"አሥራ ስምንት ይሆናል።"

"ከኔ የበለጠ ያውቁታላ። እንዴት ነበር የሚቀበለው?"

"እኔ ድምፅ የለኝም።"

"የርስዎን ማን ጠየቀ? የሱን ነው የምልዎት።"

አንገራገርኩ። ሽማግሌ ነኝ፣ ደጁ ላይ ሰው ያልፋል። እሷ አትለቅም፤ በጎተራው እንጨት ላይ ሁለቴ መታች፣ ሦስተኛውን አስቀረች፣ ጠበቀችኝ። እንደ ይማም ቆየሁና በአፍንጫዬ ሳብ አድርጌ ተቀበልኩ። ራሴን እንኳ ደህና አልሰማሁትም። ስጨርስ አፏን አየሁ።

"አይመስልም" አለች።

"ረስቼው ይሆናል።"

"አልረሱም። አፍረው ነው። እስኪመስል ድረስ ካሴቱ እዚሁ ይቆያል። ሲመጡ እኔ ጣቴን አነሳልዎታለሁ፣ እርስዎ እሱን ያመጡልኛል። ለዚያች ለከተማዋ ልጅም ይንገሯት፣ ስንጨርስ ትቀዳዋለች፣ ለልጅዎም ይላካል። ቶሎ ነው ታዲያ፣ ሁለታችንም ብዙ የለንም።"

እሺ አልኳት። ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ እሄዳለሁ፤ ከኮምቦልቻ ደሴ በሚኒባስ፣ ከደሴ ገራዶ በሌላ። መጀመሪያ የዘሐራን እንሰማለን፣ ከዚያ እኔ የይማምን እላለሁ። እያለፉ የሚስቁ አሉ፣ ይሳቁ። ከድጃ ዓይኗን ጨፍና ታዳምጥና ትፈርዳለች፤ ይሄ ረዘመ፣ ይሄ ወፈረ፣ እሱ እዚህ ላይ አይተነፍስም። ባለፈው እሑድ አዝማቹ መሀል ላይ እጇን አንስታ አስቆመችኝ።

"ይቺን ቃል ይድገሟት" አለች።

ደገምኳት።

"ይቺ እሱ ናት" አለች። "ሌላው ገና እርስዎ ነዎት።"

ከመጀመሪያው ጀመርኩላት።